ወለተ ጊዮርጊስ ተቀምጣ የበላችባቸው ሦስት ምሽቶች

የሰቆጣዋ ወለተ ጊዮርጊስ ዕድሜዋን ሙሉ ሰው አብልታለች። ሠርግ ቢሆን ተዝካር፣ ክርስትና ቢሆን የማኅበር ዝክር፣ ደጋሹ ቀን ከመቁረጡ በፊት የሚያንኳኳው የእሷን ደጅ ነበር። «ወጡ የወለተ ጊዮርጊስ ነው» ከተባለ ከአምደወርቅ ድረስ በእግሩ የሚመጣ እንግዳ አይጠፋም ይባል ነበር። እሷ ግን የገዛ ወጧ በወግ ሲበላ እንዴት እንደሚጣፍጥ አታውቅም። እንግዳው ሲነሣ፣ ካህናቱ ሲሸኙ፣ ልጆቹ ሲጠግቡ፣ ያኔ የድስቱን ዳር በቁራሽ ጠርጋ፣ እንደ ቆመች፣ አንድ እጇ ጭልፋውን እንደ ያዘ ትጎርሳለች። አርባ አምስት ዓመት ሞልቷት እንኳ ከገበታ ተቀምጣ፣ ሰው አስታጥቧት፣ ሰው ወጥ አውጥቶላት የበላችበትን ቀን ብትፈልግ አላገኘችም። የሠርጓ ቀን እንኳ በሙሽራ ወግ አንገቷን ደፍታ ዋለች እንጂ የቀመሰችው ነገር አልነበረም።

ባልንጀራዋ ሐሊሜ ነበረች። የሐሊሜ ባል ዑስማን ሰቆጣ ገበያ ዳር ጨርቅ ይሸጣል፤ እሷ ደግሞ እዚያው ሱቅ በረንዳ ላይ ቅመምና ጨው ዘርግታ ትውላለች። ወለተ ጊዮርጊስ ለድግስ የሚሆን ኮረሪማና ጥቁር አዝሙድ የምትገዛው ከእሷ ስለ ሆነ፣ በዋጋ ሲከራከሩ ተዋደዱ፤ ክርክራቸውም ሃያ ዓመት ቆየ።

ሃያ ዓመት ሲወዳጁ ግን ከአንድ ገበታ ተገናኝተው አያውቁም። ነገሩ ጠብ ሆኖ አይደለም፤ የቢላዋ ነገር ነው። ክርስቲያን የባረከውን ሥጋ እስላም፣ እስላም የባረከውን ክርስቲያን አይበላም። ስለዚህ ወለተ ጊዮርጊስ ሐሊሜ ቤት ስትሄድ፣ ድስቱ ሥጋ የገባበት ነው ብላ ዳቦና ማር ትቀምሳለች። ሐሊሜ በጾም ቀን እሷ ቤት ስትመጣ ሽሮ ትበላለች፤ ያን ጊዜም ቢሆን እንግዳዋ ተቀምጣ፣ የቤቱ እመቤት ቆማ ነው።

«ቁጭ በይ እንጂ፣ አንቺ ሴት!» ትላለች ሐሊሜ።

«መጣሁ፣ ውሃ ላምጣ» ትላለች ወለተ ጊዮርጊስ።

«አንቺን ለማስቀመጥ እኮ አዋጅ መታወጅ አለበት!»

በ፲፱፻፸፪ ዓ.ም. ክረምት ከየአውራጃው ሴቶች ለስብሰባ ደሴ ተጠሩ። ከዋግ ሦስት ተመረጡ። ወለተ ጊዮርጊስና ሐሊሜ በቀበሌያቸው መሠረተ ትምህርት ፊደል ቆጥረው የምስክር ወረቀት ስለ ተቀበሉ፣ «የተማሩ እናቶች» ተብለው ገቡ። ሦስተኛዋ ጸሐይነሽ የምትባል የደሃና ወረዳ ልጅ ናት፤ ሃያ ሁለት ዓመቷ ነው፤ ከቤቷ አገውኛ እየተናገረች ያደገች፣ አማርኛ ስታነብ ግን አንዲት ፊደል የማታስት። የወለተ ጊዮርጊስ ባል መሪጌታ አሥራተ ማርያም ጥቂት ካሰቡ በኋላ፣ «ሂጂ፤ ፍልሰታን ግን እንዳትገድፊ» ብለው ፈቀዱ።

እስከ ኮረም የሄዱት በጭነት መኪና ነው። ዝናቡ ሸራውን ሲደበድበው ሦስቱ ሴቶች በጆንያ ላይ ተጠጋግተው ተቀምጠዋል። አጃቢያቸው ሆኖ ከአውራጃው የተላከው ካሳም አብሯቸው ነበር፤ ጽሕፈት ቤት የሚሠራ፣ ሁልጊዜ ደብተር ከብብቱ የማይለይ ሰው።

«እትዬ ወለተ ጊዮርጊስ፣ ደሴ ሲገቡ መጀመሪያ ምን ማየት ይፈልጋሉ?» አለቻት ጸሐይነሽ።

«ምግብ ቤት» አለች ሳታመነታ። «ገብቼ እቀመጣለሁ። ሰው ያቀርብልኛል። እስክጠግብ ድረስ ከወንበሬ አልነሣም።»

ሐሊሜ ዞር ብላ አየቻት። ሃያ ዓመት ሙሉ ስትለምናት የኖረችውን ነገር ዛሬ ከራሷ አፍ ሰማችው። «እኔም አለሁ» አለች። «ከአንድ ትሪ።»

ካሳ ጉሮሮውን ጠረገ። «እትዬ፣ ቀልድ ያውቃሉ። ያለ ወንድ ምግብ ቤት የምትገባ ሴት ምን እንደምትባል አልሰሙም? የመሪጌታ ሚስት ደሴ ላይ ሆቴል ገባች ተብሎ ሰቆጣ ቢወራ፣ እኔ የለሁበትም። ጠይቀው ያስጨነቁኝ እንደ ሆነ ግን ያየሁትን እናገራለሁ።»

ካሳ የተናገረው ከንቱ አልነበረም። ያን ጊዜ ጨዋ ሴት ከባሏ ወይም ከወንድሟ ጋር ካልሆነ በምግብ ቤት በር አታልፍም፤ ካለፈችም ስሟ ቀድሟት አገሯ ይገባ ነበር። ወለተ ጊዮርጊስ እጇን ነጠላዋ ውስጥ ሸጉጣ ጭቃውን መንገድ ስታይ ሄደች።

ደሴ ሲደርሱ ፍልሰታ ገብቶ ሁለተኛው ቀን ነበር። ረመዳን ደግሞ ሊወጣ የቀረው ጥቂት ቀን ነው። በስብሰባው አዳራሽ በስድስት ሰዓት ምሳ ሊቀርብ ሲል አንድ አዘጋጅ ወረቀት ይዞ ወጣና፣ «የምትጾሙ እናቶች እጃችሁን አውጡ» አለ። አዳራሹ በሞላ እጅ ሆነ።

«የፍልሰታና የረመዳን እየተባለ ተለይቶ ይመዝገብ?» አለ ሰውየው ግራ ተጋብቶ።

«ሆዱ ያው ሆድ ነው፣ ልጄ» አለች ሐሊሜ። «ዝም ብለህ መዝግብ።»

በዚህ ሁኔታ ላልበሉት ምሳ በየቀኑ አንድ አንድ ብር ከሃምሳ በእጃቸው ይሰጣቸው ጀመር። ጸሐይነሽ ሐሊሜን፣ «እርስዎ እኮ መንገደኛ ነዎት፤ ባይጾሙም ይፈቀድልዎታል» ብትላት፣ «ምኑን ነው የተጓዝኩት? ቁጭ ብዬ ንግግር ስሰማ ዋልኩ!» ብላ መለሰችላት።

ዘጠኝ ሰዓት ሲሆን የክርስቲያኑ ጾም ለዕለቱ ተፈታ። ሌሎቹ ሴቶች የቋጠሩትን ዳቦ አወጡ። ወለተ ጊዮርጊስ አልነካችም።

«ብዪ እንጂ፤ የእኔ ገና በመግሪብ ነው፣ ጀምበር ስትጠልቅ» አለቻት ሐሊሜ።

«አብሬሽ እቆያለሁ። አሁን ብቻዬን ብበላ ያው እንደ ለመድኩት ቆሜ ነው የምበላው።»

አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ሦስቱም ነጠላቸውን አስተካክለው ወጡ። በዋናው መንገድ ላይ መጋረጃው የሚያብረቀርቅ አንድ ትልቅ ምግብ ቤት አዩና ወደ በሩ ቀረቡ። የበሩ ዘበኛ ካኪ ካፖርት የለበሰ ረጅም ሰው ነበር።

«ከማን ጋር ናችሁ?» አላቸው።

ወለተ ጊዮርጊስ ሐሊሜን አመለከተች። «ከእሷ ጋር ነኝ።»

«እሳቸውስ ከማን ጋር ናቸው?»

«ከእሷ ጋር» አለች ሐሊሜ ወለተ ጊዮርጊስን እያሳየች።

«ይህችስ ልጅ?»

«ከሁለቱም ጋር» አለች ጸሐይነሽ።

ዘበኛው ከኋላቸው ሌላ ሰው የሚመጣ ይመስል መንገዱን አሻግሮ አየ። «ወንድ የላችሁም?»

«አለን እንጂ፤ ሰቆጣ ነው ያለው!» አለች ሐሊሜ። ዘበኛው ግን ክንዱን በበሩ ላይ ዘረጋ። ከውስጥ ሁለት ሰዎች አንገታቸውን አስግገው አይተዋቸው ሲሳሳቁ ተሰማ። የወለተ ጊዮርጊስ ፊት በርበሬ መሰለ።

ከመንገዱ ማዶ ተሻግረው ከአንድ ቆርቆሮ ሥር ተጠለሉ። «ዳቦ ገዝተን ወደ ማደሪያችን እንመለስ፣ እትዬ» አለች ጸሐይነሽ በቀስታ። ወለተ ጊዮርጊስ ወደ ዘበኛው በር አየች። ካሳ በመኪናው ላይ የተናገረው በጆሮዋ አለ፤ ይበልጥ የጎዳት ግን እሱም ዘበኛውም አልነበረም። የጎዳት፣ ክንዱን ገና ሲዘረጋ እግሯ ራሱ ወደ ኋላ መመለሱ ነበር፤ ቦታዋ ከበሩ ውጭ መሆኑን ማንም ሳይነግረው እንደሚያውቅ። «የለም» አለች በመጨረሻ። «ደሴ ሰፊ ከተማ ነው። ምግብ ቤቱ ሁሉ ዘበኛ የለውም።»

ከአንድ መስጊድ በታች ባለች ቁልቁለት፣ ከአንዲት ዝቅ ያለች ቤት በር ላይ ሽርጥ የታጠቀ ወፍራም ሰው ዝናቡን ቆሞ ያይ ነበር። ቤቱ ውስጥ አምስት ጠረጴዛዎች አሉ። የሰውየው ስም ገብረ ጻድቅ ነው፤ ድሮ ለወታደር ወጥ ሲሠራ ኖሮ ጡረታ ሲወጣ ያችን ቤት የከፈተ።

«ምነው እናቶቼ፣ ዝናብ መታችሁ፤ ግቡ እንጂ» አላቸው።

ሁለቱ ሴቶች ከደጃፉ ቆመው፣ ሳይመካከሩ፣ በአንድ አፍ ጠየቁት፦ «የጾም ድስታችሁ ለብቻው ነው?»

ገብረ ጻድቅ አንዷን አየ፤ ማተቧ አንገቷ ላይ ነው። ሌላዋን አየ፤ ሻሿን እስከ ግንባሯ አውርዳለች። ሆዱ እስኪንቀጠቀጥ ሳቀ። «ጥያቄው አንድ፣ ፈሪው ሁለት! አንዷ ቅቤውን፣ አንዷ ቢላዋውን ነው የፈራችሁት፤ አይደል?»

«አዎ፤ መልሱን ንገረን» አለች ሐሊሜ።

«ለብቻው ነው። ቅቤ አልደረሰበትም፤ የማንም ሥጋ፣ የማንም ቢላዋ አልነካውም። ካላመናችሁ ግቡና እዩት።»

ገብተው አዩት። ሐሊሜ ጭልፋው ሳይቀር ለብቻው መሆኑን አረጋገጠች። ወለተ ጊዮርጊስ ክዳኑን ከፍታ አፍንጫዋን አስጠጋች፤ ራሷን ነቀነቀች። ለእሷ የጾም የሆነ ድስት ለባልንጀራዋም የተፈቀደ ሆኖ ሲገኝ፣ ሃያ ዓመት ሲፈልጉት የነበረው ነገር በዚያ ጭስ በጠገበ ማድቤት ውስጥ ተጥዶ ሲንተከተክ እንደ ቆያቸው ሁሉ ተያይተው ሳቁ።

ወንበር ተሳበላቸው። ከፊት ለፊታቸው ግድግዳው ላይ ጥቁር ሰሌዳ ተሰቅሏል፤ በላዩ «የጾም» ተብሎ ተጽፎ የምግቡ ዓይነት በጠመኔ ተደርድሯል። ወለተ ጊዮርጊስ የምስክር ወረቀቷን ለማስመስከር ጣቷን ቀስራ ማንበብ ጀመረች።

«ሽ… ሮ። ሽሮ። ም… ስር። ምስር። ፓ… ስ… ታ፣ በ… ስ… ጋ…» ድንገት ብድግ አለች። «ፓስታ በሥጋ! የጾም ብለህ ጽፈህ ሥጋ! አንተ ሰው፣ እኛን ልታስገድፍ ነው?»

ሐሊሜም ተነሣች። «የማን ሥጋ ነው ደግሞ?»

በጎን ጠረጴዛ የነበሩት ሰዎች መብላታቸውን አቆሙ። ገብረ ጻድቅ ዞሮ ሰሌዳውን አየ። ጸሐይነሽ ነጠላዋን አፏ ላይ አድርጋ በሳቅ ትንፈራፈር ጀመር።

«እትዬ፣ ‹ጋ› አይደለችም፤ ‹ጎ› ናት! ፓስታ በስጎ ነው የሚለው። የቲማቲም ወጥ ማለት ነው!»

ወለተ ጊዮርጊስ ተጠግታ አየችው። «ወይ ጉድ፤ ቀለበቷን አላየኋትም» አለች።

«በአንዲት ቀለበት በሬ አረድሽበት!» አለች ሐሊሜ። ቤቱ በሞላ ሳቀ፤ ከሁሉ ይልቅ ገብረ ጻድቅ ሳቀ። እነዚያ ጎረቤት ተመጋቢዎች፣ «ግድ የለም እናታችን፣ እኛም ስንት ቀን ስንበላው ምን እንደ ሆነ አናውቅም ነበር» አሏቸው። ከዚያ በኋላ ከማን ጋር እንደ መጡ የጠየቃቸው የለም።

አዛን ተሰማ። ሐሊሜ ከመቀነቷ ቴምር አውጥታ አፈጠረች፤ ገብረ ጻድቅ ጓዳውን ለቀቀላትና ሰግዳ ተመለሰች። ከዚያ የማስታጠቢያውን ጣሳና ሳህን ይዞ መጣ። ወለተ ጊዮርጊስ ገና ሲቀርብ ብድግ ብላ ጣሳውን ከእጁ ልትቀበለው እጇን ሰደደች። ሐሊሜ ነጠላዋን ይዛ ቁጭ አደረገቻት።

«እጅሽን ዘርጊ እንጂ ጣሳውን አትንጠቂው!»

እጇን ዘረጋች። ሞቅ ያለ ውሃ በጣቶቿ መካከል ወረደ። ትክ ብላ ታየው ነበር።

ትሪው መጣ፤ ሽሮ፣ የምስር ወጥ፣ ጎመን፣ የሱፍ ፍትፍት። ሦስት እጅ በአንድ እንጀራ ላይ ገባ። ሐሊሜ የመጀመሪያውን ጠቅልላ ለወለተ ጊዮርጊስ አጎረሰቻት፤ ወለተ ጊዮርጊስም መለሰችላት፤ ሁለቱም ለጸሐይነሽ እኩል ሲዘረጉላት ልጅቱ የማንን እንደምታስቀድም ጨንቋት አፏን ከፍታ ቀረች።

ምስሩ ላይ ቁሌቱ ትንሽ ተቸኩሎበታል። ወለተ ጊዮርጊስ ገና በመጀመሪያው ጉርሻ አውቃዋለች። ሌላ ቀን ቢሆን እንቅልፍ የሚነሣት ጥፋት ነው። አሁን ግን አንድ የማታውቀው ደስታ መጣባት፤ ጥፋቱ የእሷ አይደለም! ቢያርም ቢቀጥንም፣ ጨው ቢያንሰው ቢበዛው፣ የሌላ ሰው ድስት ነው። ከዚያ ወዲያ ምስሩ ጣፈጣት፤ ደግሞ ጎረሰች።

ውሃ ሲጎድል እንደገና ተነሣች። «ወዴት?» አለች ሐሊሜ። ተቀመጠች። ቆይቶ ሽሮው አለቀ። እግሯ ለሦስተኛ ጊዜ ሊነሣ ተዘጋጀ፤ ጉልበቷ ላይ እጇን አሳርፋ ቆየች። ጎን ያሉት ሰዎች አሳላፊ ሲፈልጉ እንዴት እንደሚያደርጉ አይታ ነበር። ዙሪያዋን ተመለከተች። ከዚያ ሁለት እጇን አንሥታ አጨበጨበች፤ አንዴ፣ ሁለቴ።

«አቤት እናቴ!» አለ ገብረ ጻድቅ ከማድቤት እየሮጠ።

በሕይወቷ ለጥሪዋ ሮጦ የመጣ ሰው አላየችም ነበር። «ሽሮ» አለች በመጨረሻ። «ሽሮ ጨምርልን። ትኩሱን።»

ሐሊሜ በሳቅ ፈረሰች። «ወይ አንቺ! ቀኑን ሙሉ አዳራሽ ውስጥ ስናጨበጭብ ያመጣልን ሰው አልነበረም!»

«ቀስ በይ፣ ሰው ይሰማሻል» አለች ወለተ ጊዮርጊስ፤ እሷ ራሷ ግን እንባዋ እስኪፈስ እየሳቀች ነበር። ሦስቱ በልተው፣ ጠጥተው፣ ሒሳቡ ሁለት ብር ከሃያ አምስት ሆነ። ካጨበጨበች ወዲያ እጇን እስክትታጠብ ድረስ ከወንበሯ አልተነሣችም።

በማግስቱ ተመለሱ። ያን ቀን ፓስታ በስጎ አዘዙ፤ ወለተ ጊዮርጊስ «በስጎ» የሚለውን ጮክ ብላ፣ ‹ጎ›ን እየረገጠች ነበር ያዘዘችው። ፓስታው ከጣታቸው እየሸሸ ሐሊሜ አገጭ ላይ ሲንጠለጠል፣ ገብረ ጻድቅ ሹካ አምጥቶ አሳያቸው፤ ሹካውን አመስግነው መለሱለት።

በሦስተኛው ምሽት ወሬው በአዳራሹ ተዳርሶ ነበር። ከላስታ፣ ከየጁ፣ ከራያ የመጡ ሴቶች፣ ገሚሱ ማተብ ያሰሩ፣ ገሚሱ ሻሽ የጠመጠሙ፣ አሥራ አንድ ሆነው ተከተሏቸው። ጠረጴዛ ከጠረጴዛ ተገጠመ። የላስታዋ ሴትዮ ከምግብ ቤት ስትገባ የመጀመሪያዋ ስለ ነበረ፣ ገና ትሪው ሲመጣ ልትቀበል ብድግ አለች፤ ወለተ ጊዮርጊስ ነጠላዋን ጎትታ አስቀመጠቻት። «እንደ አዲስ ሰው አትሁኚ፣ እቴ» አለቻት።

በዚህ መካከል ካሳ ደብተሩን ይዞ በደጅ ሲያልፍ ሳቃቸውን ሰማና አንገቱን አስገባ። አሥራ አራት ሴቶች ተቀምጠው አየ። «እናንተ!» አለ።

«አያ ካሳ፣ ከማን ጋር ነዎት?» አለች ጸሐይነሽ።

ካሳ ወደ ኋላው ዞር ብሎ አየ፤ ብቻውን ነው። ሴቶቹ ጠረጴዛውን እየመቱ ሳቁ። ወለተ ጊዮርጊስ ግን ዝናቡ ኮቱን እንዳበሰበሰው፣ ጉንጩም ከራብ መጉደሉን አየች። «ከእኛ ጋር ነው» አለች፤ አጨበጨበችም። «ገብረ ጻድቅ፣ ወንበር ለዚህ ሰው!»

ካሳ ተቀመጠ፤ በላ፤ እንዲያውም ብዙ በላ። ሐሊሜ ቆይታ፣ «ለመሪጌታ ምን ብለህ ልትነግራቸው ነው ታዲያ?» አለችው።

ካሳ እጁን እየጠራረገ አሰበ። «ወለተ ጊዮርጊስ ጠገበች እላቸዋለኋ!» አለ።

እንዳለውም ሰቆጣ እንደ ገቡ ለመሪጌታ አሥራተ ማርያም ይህንኑ ተናገረ። መሪጌታም ማታ፣ «ካሳ ጠገበች ይለኛል፤ ምን ማለቱ ነው?» ብለው ጠየቋት።

«እውነቱን ነው። በጾም ምግብ፣ ተቀምጬ፣ ከሐሊሜ ጋር ከአንድ ትሪ ጠገብኩ» አለች። ከዚያም ዘበኛውን፣ ድስቱን፣ የ‹ጎ›ዋን ቀለበት፣ አንድም ሳታስቀር አጫወተቻቸው። በ‹ጋ›ና ‹ጎ› ነገር ላይ ስትደርስ መሪጌታ፣ ስንት ዘመን ፊደል ያስቆጠሩ ሰው፣ ጥምጣማቸው እስኪወድቅ ሳቁ። ስለ ሆቴሉ ደግመው አልጠየቁም።

በሚቀጥለው ዓመት በጥር ወልደ ሐዋርያት የሚባል ከበርቴ ልጁን ሲድር ወለተ ጊዮርጊስን ሊጠራ መጣ። እሷም፣ «እሠራልሃለሁ። ግን አንድ ነገር አለ። ወጡ ሲደርስ፣ እንግዳ ከመግባቱ በፊት ወጥ ሠሪዎቹ እንቀመጣለን። አስታጥበህ የምታቀርብልን አንተ ነህ» አለችው።

«እንግዳ ሳይበላ ወጥ ሠሪ? ምን ሆነሻል፣ ወለተ ጊዮርጊስ? ሰው ምን ይለኛል?»

«የሚልህን አላውቅም። ሌላ ወጥ ሠሪ ልትፈልግም ትችላለህ።»

ወልደ ሐዋርያት ሦስት ቀን ፈለገ። በአራተኛው ተመልሶ መጣ።

የሠርጉ ዕለት እንግዳው በዳሱ ደጅ ተኮልኩሎ ሳለ፣ ስድስቱ ወጥ ሠሪዎች በማድቤቱ አግዳሚ ላይ ጎን ለጎን ተቀምጠው ታዩ። እጃቸው ታጥቧል። የሠርጉ ባለቤት ነጭ ጋቢውን ወደ ኋላ ጥሎ፣ በዚያች ቀን የመጀመሪያውን ጭልፋ ከድስቱ ጨለፈ። እጁ ስላልለመደ መረቁ ጫማው ላይ ተንጠባጠበ። ከውጭ የካህናቱ ጉሮሮ መጥረግ ይሰማል።

«ቀስ ብለህ አውጣ፣ ወልደ ሐዋርያት» አለችው ወለተ ጊዮርጊስ፣ እንጀራዋን እያመቻቸች። «እኛ እንደ ሆንን አንቸኩልም።»